ስንዝር ከጋት

ፍኖተ ሰላም፣ ከመናኸሪያው ጀርባ፣ አዲስ ጁስ ቤት ከተከፈተ ወዲህ መንገዴን ቀይሬአለሁ። ልጆቹ ጠዋት ጠዋት አናናስ ይልጡና ልጣጩን በትልቅ የፕላስቲክ ሳፋ ሞልተው በር ላይ ያስቀምጡታል። ፀሐይ ሞቅ ሲያደርገው ሽታው ጎዳናውን ይሻገራል። ሌላው ሰው ምራቁን ይውጣል። እኔ የሱቄን ቁልፍ በኪሴ እየደባበስኩ በላይኛው መንገድ፣ በበርበሬ ወፍጮው በኩል ዞሬ እሄዳለሁ። በርበሬው ያስነጥሰኛል፤ ግን ማስነጠስ ይሻለኛል። ከጎኔ ያለው ባለሱቅ አንድ ቀን «አባባ ዋሴ፣ ምነው በአቋራጩ አይሄዱም?» ቢለኝ «ሐኪም እንቅስቃሴ አዝዞልኝ ነው» አልኩት። እንግዲህ በዚህ ዕድሜዬ በአናናስ ሽታ ምክንያት እዋሻለሁ።

በቅርቡ ደግሞ ዞሬ የማላመልጠው ነገር መጣ። የእህቴ ልጅ ማስተዋል ከቆላ ደወለችልኝ። ማስተዋል ከቡሬ ወደ ዓባይ በረሃ ሲወረድ፣ የመስኖው ቦይ በሚያልቅበት ጫፍ ላይ የአባቷን መሬት የምታርስ፣ ልጆች የወለደች ትልቅ ሴት ናት። እናቷ፣ ማለትም ታላቅ እህቴ አትጠገብ፣ አብራት ትኖራለች። «አጎቴ፣ በርበሬው ዘንድሮም ውኃ አጥቶ ከሰለብን» አለችኝ። «ከላይ ያሉት ሞተር ገዝተው ወንዙን ይጠጡታል። ለእኛ ተራ የሚደርሰን ከተረሳ በኋላ ነው። አናናስ ልተክል ነው። እርስዎ ይምጡና ስፋቱን ይለኩልኝ። እናቴም ሌላ ሰው እንዳይለካው፣ ዋሴ ይምጣ ብላለች።» እመጣለሁ ብዬ ስልኩን ዘጋሁ። ደንበኛ ገብቶ ሳሙና ጠየቀኝና ክብሪት ሰጠሁት።

ከዚያ ጀምሮ እንቅልፌም ውሎዬም ወደ ኋላ ሄዷል። «ያኔ ማለት መቼ ነው?» ይሉኛል የልጅ ልጆቼ። ዘመኑን ትቼ ዋጋውን እነግራቸዋለሁ። ሻይ በአሥር ሳንቲም፣ አምባሻ በስሙኒ ነበር፤ አንድ ብር በኪሱ የያዘ ሰው ቡሬ ገበያ ጠግቦ ውሎ ለሙዳየ ምጽዋት የሚጥላትም አያጣም። ጎረምሳ ሁሉ ጭኑ ላይ ጥብቅ፣ ታቹ ላይ ሰፋ ያለ ቴትሮን ሱሪ ይለብስ ነበር። ገንዘብ ያጠረው ደግሞ የድሮ ሱሪውን ከጉልበት በታች አስተርትሮ የሌላ ቀለም ጨርቅ ያስጨምርበታል፣ እሱም ፋሽን ነው። ቡሬ አውቶቡስ መቆሚያው ፊት ለፊት፣ በረንዳው ላይ፣ ልብስ ሰፊዎች መኪናቸውን ደርድረው ይውላሉ። ከጎናቸው ያለው ሻይ ቤት በባትሪ ድንጋይ የሚሠራ ሬዲዮ ነበረው። የክራር ዘፈን በመጣ ቁጥር ሰፊዎቹ ሁሉ ፔዳሉን መርገጥ ያቆሙና በረንዳው ጸጥ ይላል። ሱሪውን ሊቀበል የቆመው ሰውም አይቆጣም፤ አብሮ ያዳምጣል። ዛሬ እዚያው ቦታ ላይ የሞባይል መለዋወጫ የሚሸጡ ልጆች ከየሱቃቸው የየራሳቸውን ሙዚቃ ይለቃሉ፣ ባጃጁ ጡሩንባውን ይለቃል፣ ማንም ለማንም አያቆምም። ድሮ ይሻል ነበር ማለቴ ግን አይደለም። ድሮ ያን ያህል ደግ ቢሆን ኖሮ እህቴ ዛሬ በሁለት ዓይኗ ታየኝ ነበር።

እኔ በዚያ ወራት ከደቡብ ምዕራብ አገር፣ ከአንድ ትልቅ የፍራፍሬ እርሻ መመለሴ ነበር። እዚያ በቀን ሠራተኝነት ገብቼ ካቦ እስከ መሆን ደርሼአለሁ። ሥራዬ ሲባጎ ወጥሮ የአናናስ መስመር ማስያዝና ሠራተኛው ከመስመር እንዳይወጣ መጮህ ነበር። አገሬ ስገባ ይዤው የመጣሁት ሀብት ሁለት ነው። አንዱ ከመርካቶ የገዛሁት ጥቁር መነጽር ነው፤ አገር ያየ ሰው መሆኔ የሚታወቀው በእሱ ስለነበር ዝናብ ሲዘንብም አላወልቀውም። ሁለተኛው በጆንያ የታጨቀ የአናናስ ልጅ ነው። አናናስ በዘር አይዘራም፣ ከእናቱ ጎን የሚበቅለውን ልጅ ገንጥሎ መትከል ነው። ጆንያውን አውቶቡስ ጣራ ላይ አስጭኜው ረዳቱ በየደረስንበት «ይኼ የማን ቃጫ ነው?» እያለ ተሳፋሪውን ሲያስቅብኝ መጣ። እህቴም ጆንያውን ከፍታ ስታይ ያንኑ ጠየቀችኝ። «ይበላል» ስላት ቁጭ ብላ ሳቀች። ያኔ ረጅም፣ ፈጣን፣ ጥለቱ አረንጓዴ የሆነ ቀሚሷን ከፍ አድርጋ ታጥቃ ቦይ የምትዘል ሴት ነበረች። እኔ እታለም ነው የምላት፣ እስከ ዛሬም እታለም ናት።

እታለም ያገባችበት አገር ቆላ ነው። ክረምቱ ካለፈ ሰማዩ ዳግመኛ ዘወር ብሎ አያይም፤ ኑሮው ሁሉ ከወንዙ በተጠለፈችው ቦይ ነው። ቦዩን የሚያስተዳድር፣ መንደሩ የመረጠው የውኃ አባት አለ። ተራ የሚሰጥ እሱ ነው፣ የሚነሳም እሱ ነው። ተራው ሲደርስ ማሳው ላይ ያልተገኘ ሰው ውኃው ያልፈውና ለሚቀጥለው ይሄዳል፣ ልለምን ቢልም የሚሰማው የለም። የእህቴ መሬት የቦዩ ጭራ ላይ ስለሆነ የሚደርሳት ከሁሉ በኋላ፣ ያውም ከሁሉ ያነሰ ነው። አናናስ ጥቂት ውኃ እንደሚበቃው ስለማውቅ «እታለም፣ ለአንቺ መሬት የተፈጠረው ይኼ ነው» አልኳት። አመነችኝ። እሷ እኔን ያላመነችበት ጊዜ የለም፤ የሚከብደኝም እሱ ነው።

የመጀመሪያውን ዓመት የተከለው ባሏ አያ ሙላት ነው። አያ ሙላት ነፍሱን ይማረውና ጎበዝ ገበሬ ነበር፤ አረንጓዴ ቁምጣውን ለብሶ፣ ጅራፉን ትከሻው ላይ ጥሎ በሬዎቹን ሲነዳ ሰው ቆሞ ያየው ነበር። ግን የበቆሎ ገበሬ ነው፤ አናናሱንም እንደ በቆሎ ተከለው። በቆሎ ጉልበት ሲደርስ በመስመሩ መሃል በሬ አግብቶ አረሙን መገልበጥና አፈሩን ማስታቀፍ በእኛ አገር የታወቀ ነው፣ ሽልሻሎ እንለዋለን። አያ ሙላት ለሽልሻሎው እንዲመቸው አናናሱን አራርቆ፣ በሬ እንደ ልቡ እንዲያልፍ አስፍቶ ተከለና ወቅቱ ሲደርስ ጠምዶ ገባበት። የአናናስ ሥር ጠልቆ አይሄድም፣ ከላይ ከላይ ነው። ማረሻው በጣጥሶት አለፈ። የተረፈው እንደ ምንም ፍሬ ሲይዝ ደግፎ የሚያቆመው ጎረቤት ተክል ስላልነበረ ጋደለ፤ ፀሐይ ያገኘው ጎኑም ተቃጠለ። በተክሎቹ መካከል የተራቆተው መሬት ደግሞ ያቺን ጥቂት ውኃ በአንድ ቀን አትንኖ ጨረሳት። አያ ሙላት «በሬው ምን ያድርግ፣ ያገባሁት እኔ ነኝ» ብሎ ራሱ ላይ ቀለደ፤ ግን ማፈሩ ከፊቱ ይነበብ ነበር።

በሚቀጥለው ተከላ እኔ ራሴ ሲባጎዬን ይዤ ወረድኩ። ከተክል እስከ ተክል ስንዝር ከጋት፣ ጋቱ የአራት ጣት ስፋት ነው፤ ከመስመር እስከ መስመር ክንድ ከጋት። ሁለት ሁለቱን መስመር አጣምሬ በየጥንዱ መካከል ሁለት ክንድ መተላለፊያ ተውኩ። የአናናሱን ልጆች በቁመት ለየኋቸው፤ ትልልቁ ለብቻ፣ ትንንሹ ለብቻ፣ አለዚያ ትልቁ ትንሹን ይውጠዋል። የተገነጠሉበት ቁስል እስኪደርቅ ጥላ ሥር ዘርግቼ አቆየኋቸው። ከሥር ፍግና አመድ አስገባሁ። ተክሉ ጠና ሲል ዩሪያው በሻይ ማንኪያ ይሰጠዋል። እሱም እንደ በቆሎ አፈሩ ላይ አይበተንም፣ ከታች ባሉት ቅጠሎች ብብት ውስጥ ይጨመራል። ቅንጣቱ ስቶ መሃል እምብርቱ ላይ ከወደቀ ተክሉን ያነደዋል። ማዳበሪያው ከገባ በኋላ ውኃው ቶሎ መከተል አለበት፤ ውኃውም በጎን በቦዩ ሾልኮ ማለፍ እንጂ ተክሉን ማጥለቅለቅ የለበትም። ይኸው ቅጠሉ ከቅጠል ጋር ተገናኘ፣ መሬቱን አጠለለ፣ እርጥበቱ ተያዘ፣ ፍሬው ከግራና ከቀኝ ተደግፎ ቀጥ ብሎ ቆመ። የተናገርኩት ሁሉ ሆነ። ይኼን ስተርክ ዛሬም ትንሽ ኩራት ብቅ ይልብኛል፤ ወዲያው አፍርበታለሁ።

ያላሰብኩት አንድ ነገር ነበር። በሬ የማይገባበት ቦታ ሰው ይገባበታል። በእኛ ዘንድ እርሻ የወንድ ነው፣ የእጅ አረምና እንደዚህ ያለው ተክሉን አንድ በአንድ እየለቀሙ ማዳበሪያ መመገብ የሴት ነው። መስመሩ ሲጠብ አያ ሙላት በሬዎቹን ነድቶ ወደ በቆሎው ሄደ፣ አናናሱ ለእታለም ቀረ። ማንም አልመከረበትም፤ ከጥንቱም እንዲህ ስለሆነ እንዲህ ሆነ። ሥራውን ከበሬ ትከሻ አውርጄ በእህቴ ወገብ ላይ መጫኔ ያኔ አልታየኝም። የአናናስ ቅጠል ጫፉ እንደ ወስፌ የሾለ ነው፣ ጠርዙም ይቧጭራል። ማንኪያውን ከታችኛው ቅጠል ብብት ለማድረስ ፊትን ከቅጠሉ እኩል ዝቅ ማድረግ ግድ ነው። ክንዷ ሁሉ ተጫጭሮ ነበር። የጋቢ ቁራጭ ትጠመጥምበታለች፣ ሲሞቃት ትፈታዋለች። አንድ ቀን ጭረቱን አይቼ «ይለመዳል» አልኳት። ይቺን ቃል ዛሬ ብመልሳት የምሰጠው ነገር ብዙ ነው።

ነገሩ የደረሰባት ቀን ተራችን ከሰዓት በኋላ ነበር። ከበላያችን ያለው ባለማሳ ለቅሶ ስለሄደ ውኃው እሱን ዘለለና የውኃ አባቱ «ረፋዱ ላይ ይደርሳችኋል፣ ተዘጋጁ» ብሎ ላከብን። ዩሪያው ገና ግማሹ አልገባም። ውኃው ቀድሞ ካለፈ ማዳበሪያው እስከሚቀጥለው ተራ ደረቁን ሊቀመጥ ነው፣ የሚቀጥለው ተራ ደግሞ ሩቅ ነው። እኔ የቦዩ ጠርዝ ላይ ቆሜ ውኃውን እጠብቃለሁ፣ እሷ ከውስጥ ናት። ካቦ ነበርኩና መጮህ ይቀናኛል፤ «ፍጠኚ እታለም፣ እየመጣ ነው» እላለሁ። ድንገት ቀና አለችና እጇን ዓይኗ ላይ አደረገች። «ምን ሆንሽ?» ስላት «ምንም አይደል፣ ቅጠል ነካኝ» አለች። የነጠላዋን ጫፍ አዙራ ዓይኗ ላይ አሰረችና ጎንበስ ብላ የቀረውን መስመር ጨረሰች። ውኃው ገባ። ማዳበሪያው በሰዓቱ መድረሱ ደስ ብሎኝ ነበር፤ አዎ፣ ደስ ብሎኝ ነበር። ኋላ ማሳው ጥግ ካለው ዋርካ ሥር ዓይኗን ልይላት ጎንበስ ስል ጥቁሩ መነጽሬ አላሳይ አለኝና አወለቅሁት። ያን ሁሉ ሰዓት እኔ መነጽር አድርጌ፣ እሷ ባዶ ዓይኗን እንደነበረች ያወቅሁት እዚያ ነው። ከዚያ በኋላ አድርጌው አላውቅም፣ የት እንደጣልኩትም አላስታውስም።

ጠበል አስጠመቅናት። ጠበሉ መልካም ነው፣ ግን እኛ በጠበሉ እያመካኘን ሐኪሙን አቆየነው፤ ወቅቱ የአጨዳ ስለነበር ከተማ ይዟት የሚወጣ ሰው ጠፋ። ፍኖተ ሰላም ሐኪሞቹ ሲያዩዋት ውስጡ መግሏል፣ «ምነው ቀደም ብላችሁ ብትመጡ» አሉን። ብሌኗ ነጣ፣ ከዚያ ወዲህ በቀኝ ዓይኗ ብርሃን አላየችም። ከሕክምናው ስንመለስ ጭነት መኪና ላይ ነበርን። በአንድ ዓይኗ መንገዱን እያየች «ፍሬው ቀላ ብሎ ይሆን?» አለችኝ።

ፍሬው ቀልቶ ነበር። ያን የመሰለ አናናስ ከዚያ በፊትም ከዚያ በኋላም አላየሁም። ፍኖተ ሰላም የሚያልፈው አውቶቡስ ሁሉ ሲቆም ተሳፋሪው በመስኮት እጁን ይዘረጋል፤ ልጣጩን በቢላ እየላጥኩ፣ ቀለበት ቀለበት እየቆረጥኩ በወረቀት እሰጣለሁ፣ መንገዱ ሁሉ ያ ሽታ ነው። ሱቄን የከፈትኩት በእሱ ነው። ድርሻሽን ልስጥሽ ብላት «እኔ በገጠር ምን አደርግበታለሁ፣ አንተ ኸተማ ላይ እግር ትከል» አለችኝ። ሰውም መስመሩን ወደደው፤ «የዋሴ መስመር» እያለ እየወረደ ያየው ነበር። ሰርግ ላይ ሰዎች ከፍ ያለ ቦታ ላይ ያስቀምጡኛል፣ «አናናስን ለቆላ ያመጣ ሰው» ይሉኛል። እህቴ ከሴቶቹ ጋር ሆና በአንድ ዓይኗ ትስቅልኛለች። ኋላ በርበሬ ዋጋ ሲያወጣ ሁሉም አናናሱን ነቅሎ በርበሬ ተከለ፣ አያ ሙላትም አረፈ፣ መስመሩም ስሙም ተረሳ። ሲረሳ ቀለል የሚለኝ መስሎኝ ነበር። አላለኝም።

አንድ ጾም ላይ ለንስሐ አባቴ ነገርኳቸው። አዳምጠው ሲያበቁ «መስመሩ ትክክል ነበር?» አሉኝ። «ትክክል ነበር አባቴ» አልኩ። «ክፉ አስበህባታል?» «ኧረ በስመ አብ።» «እንግዲያ ምን ቀኖና ልስጥህ?» አሉና ባርከውኝ ሄዱ። ቀኖና ቢሰጡኝ ሰግጄም ጾሜም እጨርሰው ነበር። ያልተሰጠኝን ግን ምን አድርጌ ልጨርሰው? ሌላ ሰው ቢሆን በዚህ ይጽናና ይሆናል፤ እኔ ግን ከቤተ ክርስቲያኑ ቅጥር የወጣሁት ስገባ ከነበርኩት በላይ ከብዶኝ ነው።

እንግዲህ ማስተዋል በደወለች ጊዜ ይኼ ሁሉ ነው ሱቄ ውስጥ የገባው። መንገድ ክፍት ነው የተባለበትን ቀን ጠብቄ በሚኒባስ ቡሬ ደረስኩ፣ ከዚያ በባጃጅ፣ ከዚያ በእግሬ ወረድኩ። መንገዱን ሁሉ በልቤ ስፋት ስለካ ነበር የሄድኩት። ምን እንደማደርግ ወስኛለሁ። አሰፋዋለሁ። ሰው በመካከሉ ቀጥ ብሎ፣ ሳይጎነበስ፣ ፊቱን ከቅጠል አርቆ የሚሄድበት አድርጌ እለካዋለሁ። ፍሬው ቢጋደልም ይጋደል፣ ውኃውም ቢተን ይተን አልኩ፤ የእህቴን ልጅ ዓይን በእጄ አላጠፋም።

እታለም ደጅ ድረስ በምርኩዝ ወጥታ ተቀበለችኝ። «መጣኸ ዋሴ» ብላ ጉንጬን ደጋግማ ሳመችኝና ፊቴን በእጇ ዳበሰችው፤ የቀረው ዓይኗም ደክሟል። «ከስተኻል» አለችኝ፣ ሳልከሳ። ማስተዋል ማሳው ላይ ናት። የአናናሱን ልጆች በቁመት ለይታ ጥላ ሥር ዘርግታለች፣ ፍጉን ከምራለች፣ ስንት ሰው ለምና ያገኘቻትን ዩሪያ በፌስታል ቋጥራ ዛፍ ላይ ሰቅላለች። አንገቷ ላይ ሞተረኞች ለአቧራ የሚያደርጉት ዓይነት፣ ዙሪያውን የሚገጥም የፕላስቲክ መነጽር ተንጠልጥሏል። «ምንድን ነው ይኼ?» አልኳት። «ለቅጠሉ ነዋ አጎቴ። ፍኖተ ሰላም መናኸሪያው በር ላይ በየመደቡ ይሸጣል» አለችኝ። በየቀኑ በአጠገቡ የማልፈው ዕቃ ነው፤ አንድም ቀን ትኩር ብዬ አይቼው አላውቅም።

ሥራ ጀመርን። ማስተዋል ሲባጎውን በአንድ ጫፍ ያዘች፣ እኔ ካስማ እየተከልኩ ወደ ኋላ መጣሁ። ስንዝር ከጋት የነበረውን ሁለት ስንዝር ከጋት አደረግሁት፤ በመስመሮቹ መካከል ደግሞ አያ ሙላት ለበሬው ከተወው እምብዛም የማያንስ ተውኩ። ማስተዋል መስመሩን በዓይኗ ለክታ «አጎቴ፣ ያጠፋሁ እንደሆነ ይቅር ይበሉኝ፤ ስፋቱ አልበዛም? የአናናሱ ልጅ ግማሹ ሊተርፈኝ ነው እኮ» አለች።

«የተረፈውን ለጎረቤት ትሰጫለሽ» አልኳት።

«መሬቱስ? እንዲህ ተራቁቶ ውኃውን ይይዛል?»

«ፍግ ታለብሺዋለሽ። እኔ አይደለሁ የማውቀው?» አልኳት ቆጣ ብዬ። የካቦ ድምፄ ከዚህ ሁሉ ዓመት በኋላ ከየት እንደመጣ አላውቅም። ልጅቱ አንገቷን ደፍታ ሲባጎዋን ያዘች፣ እኔም ቀጣዩን ካስማ ተከልኩ።

እታለም ዋርካው ሥር ተቀምጣ ነበር። ምርኩዟን ይዛ ተነሣችና ቀስ ብላ ወደ መስመሩ መጣች። መጀመሪያው ካስማ ዘንድ ስትደርስ ምርኩዟን መሬት ላይ አጋድማ ተንበረከከች። ካስማውን በእጇ ፈልጋ አገኘችው። አውራ ጣቷን እሱ ላይ አድርጋ መዳፏን ዘረጋች፣ ስንዝር ለካች፤ ጎኑ ላይ ጋቷን አስቀመጠች፤ ካስማ የለም። እንደገና ዘረጋች። እኔ ቆሜ አያለሁ፣ ማስተዋልም ታያለች።

«ዋሴ» አለች ቀና ሳትል፣ «ይኼ የማን ልክ ነው?»

«የአሁን ነው እታለም። አሁን እንዲህ ሰፋ እያደረጉ ነው የሚተክሉት።»

«እነማን?»

የታቀፍኩትን ካስማ ከአንዱ ክንዴ ወደ ሌላው አዛወርኩ።

«ሙላት እንዲህ ተክሎት አይተነዋል» አለች። «ጋደለ፣ ተቃጠለ። አንተ መጥተኸ ነው ያቃናኸው።»

«ልጅቱ ትጎዳብሻለች ብዬ ነው» አልኳት።

«ልጅቱ መነጥር አላት። ይኸው አንገቷ ላይ ነው። ያሰፋኸው ለእሷ ብለኸ አይደለም፣ ለራስኸ ነው።»

ማስተዋል ሲባጎውን እንደያዘች ፊቷን ወደ ቦዩ አዞረች። እኔ ከእህቴ ፊት ለፊት መሬቱ ላይ ቁጭ አልኩ። «እታለም፣ ዓይንሽን እኮ እኔ…» አልኩና አልጨረስኩትም። ያን ሁሉ ዘመን ስሄድ ስመጣ፣ ስኳርና ጨው ሳመጣላት፣ በዓል በዓል ላይ ቀሚስ ሳለብሳት፣ ይቺን ነገር አንድም ቀን ከአፌ አውጥቼ አላውቅም ነበር።

«እሱን ተወውና ስማኝ» አለች። ድምጿ ቁጣ የለበትም። «ሰው ሁሉ ዓይንሽን ምን አገኘው ሲለኝ፣ ደግ አናናስ ነበረን፣ በእሱ ሳለሁ ነው እላለሁ። የበላ ሁሉ ያውቀዋል፣ ማንም አይከራከረኝም። እንግዲህ አንተ ዛሬ ኸዚህ አስፍተኸው ከሄድኸ ነገ ሲጠይቁኝ ምን ልበል? ሳናውቅ ያደረግነው ነው ልበል?»

ብዙ ልላት ፈልጌ ነበር። አንቺ እንዲህ ማለትሽ ራሱ ይብስብኛል ልላት ፈልጌ ነበር። ፊቷን ባየው ግን መልስ እየጠበቀች ያለችው ስለ እኔ ሐዘን አይደለም፣ ስለ መስመሩ ነው። እጄን ዘርግቼ የተከልኩትን ካስማ ነቀልኩት፣ ከዚያ ቀጥሎ ያለውን፣ ከዚያም ያለውን። ማስተዋል ሲባጎውን መልሳ ወጠረችው።

እታለም አውራ ጣቷን መጀመሪያው ካስማ ላይ መልሳ አኖረች። መዳፏን ዘረጋች፣ በጎኑ ጋቷን አስጠጋች። ክንዷ ላይ የድሮው ጭረት ዛሬም ነጭ ነጭ ሆኖ ይታያል።

«እዚህ» አለችኝ።

ካስማውን እዚያ ተከልኩት። እሷ እጇን አንሥታ ወደሚቀጥለው አለፈች፣ እኔም ካስማዎቹን ታቅፌ በጉልበቴ ተከተልኳት።